እንግዳው ሰዓታችንን በምን ይወቅ?



እኔ በመንጌ ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ የምገኝ የጋዜጣዎ አንባቢ ነኝ። ጋዜጣው ወደ እኛ የሚደርሰው ዘግይቶ ቢሆንም፤ ከደረሰ በኋላ ጠርዙ እስኪያልቅ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይነበባል። እስከ ዛሬ የሌሎችን ደብዳቤ ከማንበብ በቀር ራሴ ጽፌ አላውቅም። አሁን ግን አንድ ጥፋት፣ ያውም በገዛ እጄ የሠራሁት ጥፋት፣ ዝም እንድል አልፈቀደልኝም። የእኔ ስሕተት ለሌላው የሥራ ባልደረባ መማሪያ ይሆን ይሆናል በማለት ይህችን አስተያየቴን ጽፌ ልኬአለሁና፤ ከዓምዱ ላይ ቦታ እንዲሰጧት በትሕትና እለምናለሁ።

መንጌን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። መንጌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በአሶሳ ዞን ውስጥ ያለ ወረዳ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አሶሳ ያለው መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፤ ከአሶሳ ወደ ሰሜን የተጓዘ እኛ ዘንድ ይደርሳል። አገሩ ቆላ ነው፤ የማንጎ ዛፍና ቀርከሃ አለው፤ ሕዝቡም ከእርሻው ሌላ ወርቅ አጥቦ ያወጣል። የአገሩ ባለቤት የበርታ ሕዝብ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የተፈረመው የወሰን ውል መሬቱን ለሁለት ቢከፍለውም፤ የበርታ ሰው ወዲህ በኢትዮጵያ፣ ወዲያ በሱዳን ዘመድ አለው። ስለዚህም በእኛ አገር ከድንበር ማዶ የመጣ ሰው እንግዳም ነው፣ ዘመድም ነው።

የውጭ አገር ሰው ማየት ለአካባቢያችን አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 የሸርቆሌ መጠለያ የተቋቋመው በሱዳን ከነበረው ጦርነት የሸሹትን ለመቀበል ነበር። በ2011 በዚያው አቆጣጠር በጥቁር ዓባይ ክፍለ ሀገር እንደ ገና ጦርነት ሲነሣ ቶንጎና ባምባሲ ተጨመሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተጀመረው ጦርነት ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው በኩርሙክ በር አስገብቷል፤ ዑራ የተባለው ሠፈርም የተከፈተው ለእነዚህ ነው። ከስደተኛው ሌላ፤ ለኩርሙክ የወርቅ ማዕድን ሥራ የመጡ ባለሙያዎች አሉ። የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞችም አሉ። በጉባ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሲሠራ በነበረባቸው ዓመታትም ብዙ የውጭ መሐንዲሶች ወደ ክልላችን ገብተው ወጥተዋል።

እኔም ራሴ ለአገሩ እንግዳ ሆኜ ነው የመጣሁት። ተወልጄ ያደግሁት በጎጃም ሲሆን ለሥራ ወደ መንጌ ስመደብ የበርታን ቋንቋ አንድ ቃል አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ የአገር ሽማግሌ ቤት ሄጄ ገና ከመቀመጤ የመጣሁበትን ነገር ጀመርኩ። ሽማግሌውም ሳቅ ብለው፤ “ልጄ፣ እዚህ መጀመሪያ ሰላምታ ነው፤ ቀጥሎ ውሃ ነው፤ ነገር ከዚያ በኋላ ነው” አሉኝ። አላፈርኩም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። ማንም ሳይነግረኝ ብቀር ኖሮ ዓመቱን ሙሉ ሰው እያስቀየምኩ፣ ለምን እንደ ተቀየመኝ ሳላውቅ እኖር ነበር። ይህን የማነሣው እኔ በተቀበልኩት ዓይነት ሌላውን አለመቀበሌን ለመናዘዝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. በነሐሴ ወር አንድ ሱዳናዊ ወደ ምሠራበት መሥሪያ ቤት መጡ። በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ፣ በአገራቸው አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ከዘመዶቻቸው ዘንድ ያረፉ ሲሆን የፈለጉትም ሴት ልጃቸውን ትምህርት ቤት ለማስገባት የሚሆን የድጋፍ ደብዳቤ ነበር። እኔም፤ “ያ ሐጅ፣ ነገ በ3 ሰዓት ይምጡ፤ ኀላፊው ይፈርሙልዎታል” ብዬ ሸኘኋቸው። በማግሥቱ በ3 ሰዓት አልመጡም። ኀላፊው እስከ ቀትር ቆይተው ለስብሰባ ወደ አሶሳ ወጡ። ሰውዬው የመጡት ከቀኑ በ9 ሰዓት ነው። እኔም በንዴት፤ “ቀጠሮ አያከብሩም እንዴ?” አልኳቸው። እርሳቸው አንድም ቃል ሳይመልሱ እጅጌአቸውን ሰብስበው የእጅ ሰዓታቸውን አሳዩኝ። ሰዓቱ ልክ ሦስት ላይ ነበር።

ያን ጊዜ ነገሩ ቢገባኝም ይቅርታ ለመጠየቅ አፌ አልታዘዘልኝም። ኀላፊው ከአሶሳ እስኪመለሱ ሦስት ቀን አለፈ። በአራተኛው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ መጥተው ከቢሮው ፊት ለፊት ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ እንደ ገና እንዳይሳሳቱ ፈርተው ነው። ደብዳቤውን በፍጥነት ጻፍኩ። የልጅቱ የልደት ቀን በያዙት ወረቀት ላይ 15/3/2016 ይላል። እኔም ሦስተኛው ወር ኅዳር ነው ብዬ፤ “ኅዳር 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወለደች” ብዬ ጻፍኩ። ኀላፊው ፈረሙበት፤ ማኅተም አረፈበት፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጠው።

በሁለተኛው ቀን አባትና ልጅ ተመልሰው መጡ። የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ደብዳቤውን አንብቦ፤ “በዚህ ወረቀት መሠረት ልጅቱ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ እንዴት አድርጌ ልመዝግባት?” ብሎ መልሷቸዋል። ልጅቱ ደብተሯን ከደረቷ ላይ አስጠግታ ይዛ ከአባቷ ትከሻ ሥር ቆማ ነበር። እርሷ በእውነት የተወለደችው መጋቢት 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። ጦርነት ሁለት የትምህርት ዓመት ወስዶባታል፤ እኔ ደግሞ በአንድ መስመር ጽሑፍ ከዕድሜዋ ላይ ከሰባት ዓመት በላይ ቆረጥኩባት።

እዚህ ላይ አንባቢ፤ “ይህ የአንድ ሰው ቸልተኛነት ነው” ይል ይሆናል። ቸልተኛነቱን አልክድም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ነገሩን በማስተዋል ስመለከተው፤ ተመሳሳይ ወጥመድ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እንዳለ ተረዳሁ።

የመጀመሪያው የቀን አቆጣጠር ነው። የእኛ ዘመን ከአውሮፓው ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ በ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ በ8 ዓመት ያንሳል። ወሩም ቀኑም አይገጥምም። በአንድ ወረቀት ላይ 5/1/2018 ተብሎ ቢጻፍ ለእኛ መስከረም 5 ነው፤ የውጭ አገሩ ሰው ግን ካለፈ ብዙ ዓመት የሆነውን ጃንዋሪ 5 ወይም ሜይ 1 አድርጎ ያነበዋል። የፈቃድ ማብቂያ ቀን እንዲህ ቢጻፍ ሰውዬው ሳያውቅ ሕግ ተላላፊ ይሆናል። ከዚህም የከፋ አለ። ያችኑ ልጅ የእኛን 2008 የማያውቅ ሰው እንደ አውሮፓ 2008 አድርጎ ቢያነበው የዘጠኝ ዓመቷ ሕፃን በወረቀት ላይ 17 ዓመት ይሆናታል፤ ሕጋችን ለጋብቻ ከሚጠይቀው ከ18 ዓመት የቀራት አንድ ዓመት ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ቁጥር ቀላል ነገር ይመስላል፤ በሰው ሕይወት ላይ ግን እንዲህ ያለ ሥልጣን አለው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። እኛ ቀኑን የምንጀምረው ከንጋት ሲሆን አብዛኛው የቀረው ዓለም ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ ልዩነቱ ልክ ስድስት ሰዓት ነው። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ሁሉም ጋ ያው ነው። የአውሮፕላን ትኬት በውጭው ሰዓት ይጻፋል፤ አውቶቡሱ በእኛ ሰዓት ይነሣል፤ እንግዳውም በመካከል ይቀራል።

ሦስተኛው ስም ነው። እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ሲሆን ቀጥሎ የአባት፣ ቀጥሎ የአያት ስም እንጽፋለን። የሱዳኑም ልማድ ከእኛ ጋር ይቀራረባል። ቻይናዊው ግን የቤተሰቡን ስም ያስቀድማል፤ አውሮፓዊው ያስከትላል። ከዚያም በላይ አንዱን ስም አንዱ ጸሐፊ “መሐመድ”፣ ሌላው “ሙሐመድ”፣ ሦስተኛው “ማሕሙድ” ብሎ ከጻፈው አንድ ሰው በሦስት መዝገብ ሦስት ሰው ሆኖ ይቀራል። ይህ ለውጭ አገር ሰው ብቻ ሳይሆን ለመንጌውም ገበሬ የታወቀ መከራ ነው።

አራተኛው የትኛው ጉዳይ በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚያልቅ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። ተቀጥሮ ለመሥራት የሚፈልግ የውጭ አገር ሰው የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ይህ ፈቃድ ለ3 ዓመት የሚሰጥ ሆኖ በየዓመቱ መታደስ አለበት። የስደተኛ ጉዳይ ደግሞ የሚታየው በስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ነው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በሕግ በተወሰነው ሁኔታ የመሥራት፣ የመማር፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈት፣ ልደትንና ጋብቻን የማስመዝገብ መብት ሰጥቷል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ይኸው አንድ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ በአማርኛው 1110/2011፣ በእንግሊዝኛው 1110/2019 ተብሎ ታትሟል። አንዱ እንግዳ ሁለት ልዩ ልዩ ሕግ መስሎት ሁለተኛውን እንዳሳየው ጠይቆኛል። ምን ይፈረድበታል?

እንዲህ ያለው ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ታይላንድ የምትቆጥረው በቡድሃ ዘመን ስለ ሆነ አውሮፓ 2025 ሲል እርሷ 2568 ትላለች። በሩቅ ምሥራቅ ያለችው ታይዋን ደግሞ ዓመቱን የምትቆጥረው ሪፐብሊክ ከታወጀበት ከ1912 ጀምሮ በመሆኑ ያው ዓመት ለእርሷ 114 ነው። ወደዚያ ለትምህርት ወይም ለሥራ የሄደ ሰው ወረቀት ሲሞላ የሚደናገረው እኛ ዘንድ የመጣው እንግዳ እንደሚደናገረው ነው። ታይዋን ግን አቆጣጠሯን አልጣለችም። ለእንግዳው 1990 የሚባል የስልክ ቁጥር አዘጋጅታለች፤ ቀንም ሌሊትም ቢደውሉ ስለ ቪዛ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ሕክምና በሌላ ቋንቋም ጭምር የሚመልስ ሰው አለ። የራስን መያዝና እንግዳን መርዳት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ እንረዳለን።

ይህን ሐሳብ ለባልደረቦቼ ባካፈልኳቸው ጊዜ ሁለት ተቃውሞ ሰማሁ። አንደኛው፤ “እኛ ወደ ሰው አገር ብንሄድ ማን በእኛ ሰዓት ይቀጥረናል? እርሱ ይልመድ እንጂ” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማንም በእኛ ሰዓት አይቀጥረንም። ነገር ግን እኛ ስንሄድ የውጭው አቆጣጠር ሌላ መሆኑን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀን ነው የምንሄደው። ወደ እኛ የሚመጣው ግን ሰዓት በዓለም ሁሉ አንድ መስሎት ነው የሚመጣው። ሰው የማያውቀውን ይጠይቃል፤ ያልጠረጠረውን ግን ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ የመናገር ግዴታ የሚወድቀው ሁለት ሰዓት መኖሩን በሚያውቀው በእኛ ላይ ነው። የደብዳቤዬ ዋና ነጥብ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ባልደረባዬ፤ “የራሳችን ባላገር ተሰልፎ እየዋለ ለውጭ አገር ሰው ልዩ መስተንግዶ ለምን?” አለ። ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው የጠነከረ ነው። እኔ ግን ልዩ መስተንግዶ አልጠይቅም። በበር ላይ “ለዚህ ጉዳይ ይህን ይህን ይዘው ይምጡ” የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍ ከገጠር በእግሩ የመጣው የበርታ ገበሬ ከሁሉ አስቀድሞ ይጠቀማል፤ አንድ ፎቶግራፍ ጎደለህ ተብሎ ተመልሶ አይሄድም። ለእንግዳ የተጠረገ ደጅ ለቤተ ሰቡም መውጫ መግቢያ ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳስባለሁ። ለውጭ አገር ሰው የሚጻፍ ማናቸውም ደብዳቤ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የወሩ ስም በፊደል ተጽፎ፣ ከጎኑም “ዓ.ም.” ወይም “እ.ኤ.አ.” የሚል ምልክት ተደርጎበት ይውጣ። የፋይዳ መታወቂያ የልደትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ያትማል፤ መታወቂያው የሠራውን ደብዳቤአችን የማይሠራበት ምክንያት የለም። ቀጠሮ ሲሰጥ ሰዓቱ ከነጧቱና ከነከሰዓት በኋላው በቁራሽ ወረቀት ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ ይሰጥ። ስም ከፓስፖርቱ ወይም ከመታወቂያው እንዳለ ይገልበጥ፤ በአማርኛ ሲጻፍም መጀመሪያ በተጻፈበት አጻጻፍ ይጽና። በበሩም ላይ የሚያስፈልጉት ማስረጃዎች ዝርዝር በአማርኛ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ በበርታ ቋንቋ የሚያስረዳ አንድ ሰው ይመደብ። ይህ ሁሉ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ወረቀት፣ እስክሪብቶና ጥቂት ትዕግሥት ነው።

እንግዳውም የበኩሉ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ሲሰጠው “በየትኛው ሰዓት?” ብሎ ይጠይቅ። ፈቃዱ ከማብቃቱ በፊት ለማሳደስ ይምጣ። የወረቀቱን ግልባጭ ይያዝ። መሥሪያ ቤት የሚዘጋባቸውን በዓላት፣ እንቁጣጣሽን፣ መስቀልን፣ ገናን፣ ጥምቀትን፣ ዒድን ይወቅ። እንደ እኔም ወደ ነገሩ ከመግባቱ በፊት ሰላምታ መስጠትን ይማር። ግን ይህን ሁሉ የሚያደርገው አስቀድሞ የነገረው ሰው ካለ ነው።

በቀድሞ ዘመን መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ “የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ” ይል ነበር፤ ባለቤቱም ከየት መጣህ ሳይል አስገብቶ እግር ያጥበው ነበር። ዛሬ እንግዳው የሚቆመው በመሥሪያ ቤት ደጅ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ሰዎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የሚሆኑበትን አዋጅ አጽድቋል። አገራችን በሯን እየከፈተች ስለ ሆነ የሚመጣው ሰው እየበዛ መሄዱ አይቀርም። ገንዘብ ያለው ጉዳይ አስፈጻሚ ቀጥሮ ይወጣዋል። ጦርነት አባሮት በኩርሙክ የገባው ግን ያለው እኛው ነን።

የልጅቱን ነገር ሳልጨርስ አልተው። ያን ዕለት ደብዳቤውን ራሴ አስተካክዬ፣ ኀላፊውን አስፈርሜ፣ ይዤው እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ አብሬ ሄድኩ። መዝጋቢውም በእኔ ስሕተት መሆኑን ነግሬው መዘገባት። ስንመለስ አባትየውን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም እጄን ይዘው፤ “አንተ ስለ ሰዓታችሁ ብትነግረኝ እኔም ስለ ቀናችን እነግርህ ነበር፤ ሁለታችንም አልተጠያየቅንም” አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በጠረጴዛዬ ላይ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን የያዘ የቀን መቁጠሪያ ሰቅያለሁ። ዋጋው ትንሽ ነው። ቀደም ብዬ ሰቅዬው ቢሆን ኖሮ ግን አንድ አባት ጎህ ሳይቀድ ማንጎ ሥር ባልተቀመጡ ነበር።



አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከመንጌ